የዋንዛው ሰገባ

እናቴ የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም ነበር። የሚጨብጣት ሰው ሁሉ ያስተውለዋል። «ምን ነክቶሽ ነው?» ሲሏት «ድሮ ቢላ ቆርጦኝ» ብላ ታልፈዋለች። ቢላ አልነበረም፤ የአባቴ ገጀራ ነው።

የዚያን ጊዜ የምንኖረው ጎሮ ነበር። ጎሮ ያኔ ከተማም አይባል፣ ገጠርም አይባል። ቤታችን የጭቃ ነው፤ ቦሌ ሊያርፉ የሚመጡት አውሮፕላኖች በቆርቆሯችን ላይ ዝቅ ብለው ሲያልፉ ወሬያችንን አቋርጠን ድምፁ እስኪርቅ እንጠብቃለን። አባቴ ገበሬ ነበሩ። ሁለት በሬዎች ነበሯቸው፤ አንዱ ቀይ፣ ሌላው ግንባረ ቦቃ፣ ግራ ቀንዱ ከመሐል የተሰበረ። የአምራቾች ማኅበር ሲቋቋም በሬዎቹ የማኅበሩ ሆኑ። አባቴ አልተከራከሩም። ራሳቸው እስከ በረቱ ነድተው አስረከቡና ቀንበሩን ተሸክመው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ ግን ማረስ አስጠላቸው። ከጎሮ በላይ ባለው ኮረብታ ባሕር ዛፍ ይጠብቁና ይቆርጡ ጀመር። ሳምንቱን እዚያው ጎጆ ውስጥ ያድራሉ፤ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ወደ ቤት ይመጣሉ፤ ሰኞ ጠዋት ይመለሳሉ።

ገጀራው ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ፣ ክንድ የሚያህል ርዝመት ያለው ነበር። ቅርንጫፍ የሚመለምሉት በእሱ ነው። ማደሪያ ስላልነበረው በጆንያ ይጠቀልሉትና ከበሩ ኋላ ያቆሙታል። አንድ እሑድ እናቴ ስንዴ የምታሰጣበት ጆንያ ፈልጋ ያንን ከበሩ ኋላ ያገኘችውን ሳብ አደረገችው። ጆንያው እጇ ላይ ቀረ፤ ገጀራው በመዳፏ ውስጥ አለፈ። ጤና ጣቢያ ሰፉላት፤ ቁስሉም ቶሎ ደረቀ። ሁለቱ ጣቶች ግን እንደ ተዘረጉ ቀሩ።

ወንድሜ በአምስት ዓመት ይበልጠኛል። ገርጂ አካባቢ አንድ እንጨት ቤት ውስጥ በርና መስኮት ይሠራ ነበር። ትክክለኛ አናጢ ነው፤ ዝምተኛ ሰው። አንዴም ድምፁን ከፍ ሲያደርግ አልሰማሁም፤ ከዚያች ቀን በቀር። የእናቴ ፋሻ በተፈታ ቀን ጣቶቿን ለማጠፍ ስትሞክር አየና፣ ወደ አባቴ ዞሮ፣

«አንተ ነህ የቆረጥካት!» አላቸው።

ቤታችን ኦሮምኛና አማርኛ እየተቀላቀለ የሚነገርበት ቤት ነበር፤ በሁለቱም ቋንቋ ግን አባት አንቱ ነው። ወንድሜ በሕይወቱ አንዴም አባቴን አንተ ብሎ አያውቅም። እናቴ የተጎዳ እጇን በደህናው እጇ ሸፍና «ኧረ በስመ አብ» አለች። አባቴ የተቀመጡበትን ዱካ ትተው ተነሡ፤ ገጀራቸውን ይዘው፣ ገና እሑድ ሳለ ወደ ኮረብታው ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ አይነጋገሩም። አባቴ ቅዳሜ ይመጣሉ፤ ከእናቴ ጋር ይጫወታሉ፤ እኔን ስለ ትምህርቴ ይጠይቁኛል፤ ወንድሜ ሲገባ ዝም ይላሉ። ወንድሜም «ደህና አመሹ» ይላል፤ መልስ የለም። ገጀራውን ደግሞ ወደ ቤት ማምጣት ትተው ነበር። በኋላ እናቴ «ዝናብ ይበላዋል፣ ይዘውት ይምጡ» ብላ ስትለምናቸው እንደገና ማምጣት ጀመሩ፤ ግን ውጭ፣ ከጣሪያው ክፈፍ በላይ፣ ማንም እጁ በማይደርስበት ያሳድሩታል። እሳቸው ራሳቸው ሲያወርዱት ሁለት ጊዜ ቆርጧቸዋል።

ሰገባ መሥራት የወንድሜ ሐሳብ ነው። ለእኔ ብቻ ነገረኝ።

«ይቅርታ ብላቸው አይሰሙኝም» አለኝ። «አፌን ስከፍት ይነሣሉ። በእጄ ልጠይቃቸው።»

ከእንጨት ቤቱ ሁለት የዋንዛ ጣውላ አመጣ። ዋንዛ ለመሮ ይታዘዛል፣ አይሰነጠቅም አለኝ። አባቴ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ገጀራውን ከክፈፉ አወረደና ጣውላው ላይ አጋድሞ ዙሪያውን በእርሳስ ሣለ። ከዚያ በየቀኑ ከሥራ ሲመለስ፣ መሽቶ ለዐይን ያዝ እስኪያደርግ፣ ከቤታችን ጓሮ ቁጭ ብሎ ይጠርባል። የሁለቱን ጣውላ ሆድ በመሮ ቦረቦረ፤ ስለቱ የሚያርፍበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰ፤ ሁለቱን በኮላ ገጥሞ በድንጋይ ተጫናቸው። እኔ ጣውላውን እይዝለታለሁ፤ እናቴ ብቅ ስትል የቀሚሴን ጫፍ እጥልበታለሁ።

ሲደርቅ ገጹ ላይ መቅረጽ ጀመረ። መጀመሪያ ምን እንደሆነ አላወቅሁትም። ሁለት ጎርባጣ ነገሮች ጎን ለጎን፣ ከበላያቸው አንድ መስመር። በሦስተኛው ቀን አንደኛው ላይ ቀንድ አወጣ፣ ሁለተኛውም ላይ አወጣ፤ ከዚያ የአንዱን ግራ ቀንድ ከመሐሉ ላይ ቁርጥ አደረገው።

«የእኛ በሬዎች!» ብዬ ጮህሁ።

«ቀስ በይ» አለኝ፤ ግን ይስቅ ነበር። በዕድሜዬ ካየሁት ሳቅ ሁሉ የዚያን ቀኑን ያህል የማስታውሰው የለም።

ያን ሰሞን ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ይታፈስ ነበር። ወንድሜ ሥራ የሚሄደው በዋናው መንገድ ሳይሆን በማሳው መሐል ነው፤ ገበያ የሚባል ነገር ከረገጠ ሦስት ወር ሆኖታል። እናቴ ከቤት ሲወጣ ወደ ላይና ወደ ታች አይታ ነው የምታስወጣው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ አላወቅሁም ማለት አልችልም።

ሰገባው ቅዳሜ ቀን አለቀ። የቀረው አፉና ጫፉ ላይ የሚታሰር፣ ትከሻ ላይም የሚንጠለጠልበት ጠፍር ብቻ ነበር። ወንድሜ «ለጊዜው በሲባጎ አስረዋለሁ፤ ጠፍሩን ሌላ ቀን ሰው ይገዛልኛል» አለ።

«በሲባጎ?» አልሁት። «ይሄን ያህል ለፍተህ በሲባጎ? አባዬ ዛሬ ማታ ይመጣሉ እኮ። እንደ ድንች ጆንያ በሲባጎ አስረህ ልትሰጣቸው ነው?»

«ገበያ አልወጣም።»

«ሾላ ሄደን ወዲያው እንመለሳለን። አብሬህ እሄዳለሁ። ከእኅቱ ጋር የሚሄድ ሰው ማን ይነካዋል?»

ብዙ አልሁት። በመጨረሻ «ፈሪ» አልሁት። ኮቱን ለብሶ ወጣ።

ጠፍሩን ገዛን። ጥሩ ጠፍር ነበር፤ የበሬ ቆዳ፣ በቅቤ የታሸ። ወንድሜ ወስዶ አሸተተው፤ በጣቱ ላይ ጠምጥሞ ሞከረው። ከቆዳ ተራው ስንወጣ ሰው መሮጥ ጀመረ። መንገዱ ከላይም ከታችም በጭነት መኪና ተዘግቶ ነበር። ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ወጣቶቹን ከሰው መሐል እየለዩ በአንድ ወገን ያሰልፋሉ። ወንድሜ አልሮጠም። ክንዴን አጥብቆ ይዞ ቆመ፤ ብሮጥ እሷ ትረገጣለች ብሎ ይመስለኛል። የሥራ መታወቂያውን አውጥቶ ለአንደኛው ሰጠው። ሰውዬው ተቀበለው፤ አየው፤ ኪሱ ከተተውና «ና፣ መኪናው ላይ ውጣ» አለው።

እኔ እየጮህሁ እስከ መኪናው ድረስ ተከተልሁት። ወንድሜ በመኪናው እንጨት መሐል እጁን አውጥቶ ጠፍሩን ጣለልኝ።

«አፉ ላይ ሁለቴ ጠምጥመሽ እሰሪው» አለኝ። «ለአባዬ አንቺ ስጫቸው። ምንም አትበያቸው፤ ሲያዩት ያውቁታል። አታልቅሺ፣ ሂጂ ወደ ቤት።»

መኪናው ተነሣ።

ከሾላ እስከ ጎሮ በእግሬ ነው የመጣሁት። መንገድ ላይ የማስበው ስለ ወንድሜ ነበር ብል ውሸት ነው። እናቴ «ምን ሊያደርግ ገበያ ወጣ?» ስትለኝ ምን እንደምመልስ ነበር የማስበው። ቤት ስደርስ ጠፍሩን ከቀሚሴ ስር ደብቄው ነበር። እናቴ ፊቴን ዐይታ ገና ሳልናገር ጮኸች።

አባቴ ሲመጡ ጎረቤት ቤታችን ሞልቶ ነበር። ነገሯቸው። ገጀራቸውን በጆንያው እንደተጠቀለለ በእጃቸው ይዘው ቆመው ሰሙ።

«ወዴት ሊሄድ ወጣ?» አሉ። የሚጠይቁት እኔን ነው።

«ምስማር ሊገዛ» አልሁ። «ለሥራ ቤቱ።»

«ምስማር» አሉ። ሌላ አልጠየቁኝም።

ሰገባውን ያን ለት ልሰጣቸው አልቻልሁም። ሰገባውን ካዩ ጠፍሩን ይጠይቃሉ፤ ጠፍሩን ከጠየቁ ማን ገበያ እንዳስወጣው ይታወቃል። ነገ አልሁ። በማግስቱ አባቴ ወጣቶቹ ወደ ተሰበሰቡበት ግቢ ሄዱ። ሦስት ቀን በሩ ላይ ዋሉ፤ እናቴ ያዘጋጀችውን በሶ በጨርቅ ቋጥረው ይዘው። በሦስተኛው ቀን «ሄደዋል» ተባሉ። በሶውን ይዘው ተመለሱ። ያን ለትም ልሰጣቸው አልቻልሁም። ሰገባውን ከጣሪያው ስር፣ ከማገሩ በላይ፣ የእንጨት ስብርባሪ ውስጥ ከተትሁትና ተውሁት። አንድ ቀን ያሳደርሁትን ነገር በሁለተኛው ቀን ማውጣት የባሰ ይከብዳል። በወሩማ የማይቻል ሆነ።

ከአራት ወር በኋላ ደብዳቤ መጣ። ቅዳሜ ማታ ነበር፤ አባቴም ቤት ነበሩ። እናቴ ፖስታውን ስማ ሰጠችኝ። አባቴ መሠረተ ትምህርት ሁለት ክረምት ተምረዋል፤ ፊደል ይለያሉ፣ ስማቸውን ይጽፋሉ፣ ከዚያ አያልፉም ብለን ነው የምናምነው። እናቴ ጭራሽ አታነብም። ስለዚህ አንባቢዋ እኔ ነኝ። ኩራዙን አስጠጉልኝና ጀመርሁ።

«ለተከበራችሁ ወላጆቼና ለምወድሽ እኅቴ፣ ለጤናችሁ እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ።» ሥልጠና እንደጨረሰ፣ ወደ ሰሜን ሊሄዱ እንደሆነ፣ አናጢ መሆኑን ዐውቀው የአልጋና የሣጥን ጥገና እንደሚያሠሩት፣ እናቴ እጇን በሙቅ ውኃ እንድታሽ ጽፏል። ከዚያ እንዲህ የሚል መጣ፤ ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ፤

«አባዬ፣ ሰገባው ልክ ሆነልዎ? ጫፉ ላይ እንዳይጠብ ፈርቼ ነበር። በሬዎቹን አወቋቸው? ያን ቀን አንተ ያልሁዎትን ይቅር ይበሉኝ። እዚህ ሆኜ ከሁሉ የሚከብደኝ እሱ ነው። ይቅር ብዬሃለሁ የሚል ቃል ከላኩልኝ ሌላው አይከብደኝም።»

ዐይኔ ቀድሞ አነበበው። አፌ ዘለለው። ቀጥዬ «ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላምታዬን አቅርቡልኝ» የሚለውን አነበብሁና ወረቀቱን አጠፍሁት።

አባቴ ጎንበስ ብለው ሲሰሙ ነበር። ቀና አሉ።

«አለቀ?»

«አለቀ።»

«ስለ እኔ ምንም አላለም?»

«ለተከበራችሁ ወላጆቼ ይላል እኮ አባዬ። ሁለታችሁንም ነው።»

«ሁለታችንንም ነው» አሉ አባቴ። እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ አሻሹ። «ደህና። ደህና መሆኑ ነው የሚፈለገው።»

በማግስቱ መልሱን እኔው ጻፍሁ። እናቴ ብዙ ነገር አስጻፈችኝ። አባቴን «ምን ልበልልዎ?» ብዬ ስጠይቅ «በርታ በይው» ብቻ አሉ። ጻፍሁት። ከበታቹ ደግሞ ማንም ሳያየኝ፣ «አባዬ ሰገባው ልክ ሆኖልኛል፣ በሬዎቹንም አውቄያቸዋለሁ፣ ይቅር ብዬሃለሁ ብለዋል» ብዬ ጨመርሁ። ይህን ስጽፍ ሰገባው ከራሴ በላይ ማገሩ ላይ ነበር። የደብዳቤው መልስ አልመጣም። ሌላም ጻፍን፤ የዚያም መልስ አልመጣም።

ክረምት ገባ። ደብዳቤው ከተቀመጠበት ሣጥን ውስጥ ጠፋ። እናቴ ትራሷ ስር ያደረገችው መስሎኝ አልጠየቅሁም፤ እኔ ባላየው የምመርጠው ወረቀት ነበር።

አንድ ቀን አባቴን ጉንፋን ጥሏቸው ቅዳሜ ሳይመጡ ቀሩ። እናቴ በማግስቱ ምሳ አስይዛ ወደ ኮረብታው ላከችኝ። ዝናቡ ጋብ ብሎ ፀሐይ ወጥቶ ነበር። ጎጇቸው ጋ ስደርስ አባቴ ደጃፉ ላይ፣ ጋቢ ደርበው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀምጠዋል። ድምፅ ሰማሁ። የሚያነጋግሩት ሰው ያለ መሰለኝ። ጠጋ ስል ደብዳቤው ጉልበታቸው ላይ ነው። ጣታቸውን ከመስመሩ ስር አድርገው፣ ልክ መሠረተ ትምህርት እንዳስተማራቸው፣ አንዷን ፊደል ጠርተው ያርፋሉ፣ ቀጥለው ሌላዋን ይጠራሉ።

«ሰ... ገ... ባ... ው። ሰገባው። ል... ክ...»

ምሳውን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ተመለስሁ። ቁልቁለቱን እየሮጥሁ ወረድሁ፤ ጭቃው ላይ ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። እናቴ ውኃ ልትቀዳ ሄዳ ነበር። ዱካ ላይ ቆሜ ሰገባውን ከማገሩ አወረድሁት። ቆርቆሮው እዚያ ላይ ያፈስስ ኖሮ ጠቁሯል፤ በአንድ ጎኑም ትንሽ ተጣሟል። በቀሚሴ ጠረግሁት፤ ጠፍሩን እንዳለኝ አፉ ላይ ሁለቴ ጠምጥሜ አሰርሁና እንደገና ወደ ላይ ወጣሁ።

አባቴ ምሳውን አግኝተውት ነበር፤ አልበሉትም። ሰገባውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥሁ። «ምንም አትበያቸው» ብሎኝ ነበር፤ ግን ሁሉንም ተናገርሁ። ገበያውን፣ ጠፍሩን፣ ፈሪ ያልሁትን፣ ምስማር ያልሁትን፣ የዘለልሁትን መስመር። እግራቸው ስር ተንበርክኬ ስለነበር ፊታቸውን አላይም። እጃቸውን ግን አያለሁ። እንጨቱ ላይ ይሄዳል። በሬዎቹ ጋ ደረሰ። ከቀንዱ ወደ ቀንዱ ሄደ፤ ከተሰበረው ቀንድ ላይ ቆመ።

«ዐውቄዋለሁ» አሉ። ስለ በሬው ይሁን ስለ ነገሩ አልገባኝም።

«ያነበቡት መቼ ነው?»

«ሁለት ወር ፈጀብኝ። ያን ማታ አንቺ ስታነቢ ዐይንሽ ወረደና አፍሽ ቆመ። የሆነ ነገር እንዳለ ገባኝ። ወረቀቱን ወሰድሁና እዚህ እየተቀመጥሁ ፊደሉን ለቀምሁት። ሰገባው የሚለው ነው ያስቸገረኝ፤ የምን ሰገባ ነው እያልሁ። ሰገባ የለኝማ።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም?»

 ባሕር ዛፉ ላይ የቀረው ዝናብ ይንጠባጠብ ነበር።

«አንዱን ልጄን ተቀይሜ ሰደድሁት» አሉ። «ሁለተኛዋን ደግሞ ተቆጥቼ ላጣት? ራስሽ እስክታመጪው ብዬ ነው።»

ራሴን በእጃቸው ያዙት። አባቴ እንዲያ ያደረጉኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ከጋቢያቸው ስር አፍንጫቸውን እየጠረጉ፣ እሳቸውም ደብዳቤ እንደላኩ ነገሩኝ። ቦሌ ፖስታ ቤት ድረስ ራሳቸው ሄደው፣ የክፍሉን ቁጥር ከፖስታው ላይ አንድ በአንድ ገልብጠው።

«ምን ብለው ጻፉ?»

«ብዙ አልችልም። አልተቀየምሁህም፣ ና፣ አልሁት።»

ገጀራውን አመጡና ሊያስገቡት ሞከሩ። እስከ ግማሹ ገባና ቆመ። ክረምቱ እንጨቱን አጥብቦታል። ገልብጠው ሞከሩ፤ አሁንም ቆመ። «እንጨቱን ከውስጥ ትንሽ ቢፍቁት ይገባል» አልኋቸው።

«የልጄን እጅ ሥራ አልፍቅም» አሉ።

ሞረድ አመጡና ብረቱን ይሞርዱ ጀመር። ባሌስትራ እንደምታውቁት በቀላሉ አይሞረድም። ያን ሳምንት ሙሉ፣ የሚቀጥለውንም፣ ሥራቸውን ሲጨርሱ እየተቀመጡ ከጀርባውም ከጎኑም ሞረዱት። ትንሽ ይሞርዱና ይሞክራሉ፤ ደግሞ ይሞርዳሉ። ሲያልቅ ገጀራው እስከ እጀታው ድረስ ሰገባው ውስጥ ገባ። ነገር ግን ሳስቶ፣ ቀልሎ፣ ለሥራ የማይሆን ሆኖ ነበር፤ ግንድ ላይ ቢያሳርፉት ይነጥራል። ለሥራው ሌላ ገጀራ ተዋሱ። ያኛውን ግን በሰገባው አድርገው ትከሻቸው ላይ ሳያንጠለጥሉ ከቤት አይወጡም ነበር። እናቴም ዐወቀች። ስትሰማ «ፈሪ አልሽው?» አለችኝ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ አላነሣችውም። እኔ ግን ዕድሜዬን ሁሉ ስሰማው ኖሬያለሁ።

ዓመታት ሄዱ። ደብዳቤ የለም፤ መርዶም የለም። ሰው ሞተም ዳነም ሳይባል እንዲሁ ይቀር የነበረበት ዘመን ነው። ደርግ ወደቀ ሲባል፣ ቦሌ አውሮፕላን ማረፉ ቆሞ ሰማዩ ጸጥ ባለባቸው ቀናት፣ የተበተነው ወታደር በየመንገዱ ይጎርፍ ጀመር። አባቴ ጠዋት ይወጡና ኮተቤ መንገድ ዳር ይቆማሉ። ሰገባውን በደረታቸው በኩል አድርገውት። «የእኔን ፊት ቢረሳው እንኳን ይሄን አይረሳም» ይሉ ነበር። ዐሥራ ሰባት ቀን ቆሙ። አንዳንዱ ወታደር ገጀራውን ዐይቶ ይሸሻቸዋል።

በዐሥራ ስምንተኛው ቀን ጉልበታቸው ስለከዳቸው ቤት ዋሉ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ወታደር በራችን ላይ ቆመ። ልብሱ ቀለሙ ጠፍቶ፣ እግሩ ባዶ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ። ውኃ ለመነን። እናቴ ስታየው የበሩን መቃን ተደግፋ ቀረች። ወንድሜ ግን አልነበረም። የአርሲ ልጅ ነው፤ በኦሮምኛ ነው የሚያናግራት። ወደ አገሩ በእግሩ እየሄደ ነበር። አስገባችው፤ እግሩን አጠበችው፤ አበላችው። አባቴ ስለ ልጃቸው ጠየቁት፤ መልኩን፣ አናጢነቱን፣ የክፍሉን ቁጥር።

ወታደሩ ቁጥሩን ሲሰማ እንጀራውን አስቀመጠ። ሊዋሽ እንደፈለገና እንዳልሆነለት ያስታውቃል።

«አባቴ፣ ልጅዎን አላውቀውም» አለ። «ያን ክፍል ግን አውቀዋለሁ። ከዚያ ክፍል የተረፈ ሰው አላየሁም።»

አባቴ «ብላ፣ ልጄ» አሉት።

በልቶ ሲጨርስ እናቴ ወደ ጓዳ ገባች። የወንድሜን ቡናማ ጫማ ይዛ ወጣች። በየሳምንቱ ቅዳሜ ቀለም ትቀባው ነበር፤ እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም ሳምንት አልዘለለችም። ወታደሩ እምቢ አለ። እሷ ተንበርክካ ራሷ አጠለቀችለት። ትንሽ ይሰፋዋል፤ የጫማው ጫፍ ውስጥ ጨርቅ ወሸቀችበት።

«እናትህ ባዶ እግርህን ሆነህ እንዳታይህ» አለችው።

ሦስታችንም ደጃፉ ላይ ቆመን አየነው። በማሳው መሐል፣ ወንድሜ ወደ ሥራ ይሄድበት በነበረው መንገድ ሄደ። ከቁጥቋጦው ኋላ ተሰወረ። ከዚያ እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፤ መሬት ላይ ተቀመጠችና የወንድሜን ስም ጠርታ አለቀሰች። ስሙን ጠርታ ስታለቅስ ያ የመጀመሪያዋ ነው። ጎረቤት ድምፁን ሰምቶ መጣ፤ ማንም «ማን ነገራችሁ?» ብሎ አልጠየቀም። ሴቶቹ ከበቧት፤ ወንዶቹ ድንኳን ሊያመጡ ወደ እድሩ ቤት ሄዱ።